የጠዋት ምርመራ የማያሳየው ስኳር፡- ስቴሮይድ የሚወስዱ የካንሰር ታካሚዎች ሊያውቁት የሚገባ

ሊምፎማ ለተባለው የንፍፊት ካንሰር ሕክምና የጀመሩ አንድ የ58 ዓመት አባት እናስብ። ከዚህ በፊት ስኳር አለብዎት ተብለው አያውቁም። በደም ሥር ከሚሰጣቸው መድኃኒቶች ጋር በቀን 100 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ለአምስት ቀናት እንዲወስዱ ታዝዞላቸዋል። ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ከሆነ የተገኘው በየጠዋቱ ሃያ ፍሬ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን አፋቸው ይደርቃል፤ ውኃ ቢጠጡ አይረኩም፤ ለሽንት ይመላለሳሉ፤ ዓይናቸው ብዥ ይላል፤ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ቤተሰቡ «ኬሞው ነው፣ ያልፋል» ይላል። አቅም እንዲያገኙ ደግሞ ስኳር የበዛበት አጥሚት፣ የማንጎ ጁስና ለስላሳ በየሰዓቱ ይቀርብላቸዋል።

በነጋታው ጠዋት ወደ ክሊኒክ ይሄዳሉ። በባዶ ሆድ ሲለካ ስኳራቸው 104 ነው። ባለሙያው «ደህና ነው» ብሎ ይሸኛቸዋል። በዚያው ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ግን መሣሪያው ከ300 በላይ ሊያነብ ይችል ነበር።

የእኚህ አባት ታሪክ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ችግሩ ግን ካንሰር በሚታከምበት ቦታ ሁሉ የሚያጋጥም ነው። ለካንሰር ሕክምና ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ስቴሮይድን ያህል የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግና የዚያኑ ያህል የሚዘነጋ ጥቂት ነው።

ስቴሮይድ ምንድን ነው?

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ የሚገኙት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎች ኮርቲዞል የተሰኘ ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲዞል በጭንቀት፣ በሕመምና በረሃብ ጊዜ ሰውነት ነዳጅ እንዳያጣ የሚያደርግ ነው። በ1948 ዓ.ም (እ.ኤ.አ) በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ኮርቲዞን የተባለውን የዚሁ ቤተሰብ አባል በመገጣጠሚያ ሕመም ለምትሰቃይ ሴት ሰጥተው አስደናቂ ውጤት አዩ። ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር በ1950 (እ.ኤ.አ) የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ከዚያ ወዲህ ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ተከታትለው መጡ።

እነዚህ መድኃኒቶች በጉልበት እኩል አይደሉም። 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን የሚሠራውን ሥራ 0.75 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ይሠራል። ስለዚህ «የታዘዘልኝ 8 ሚሊ ግራም ብቻ ነው» ብሎ መናቅ አይገባም። 8 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ፕሬድኒሶሎን እንደመውሰድ ይቆጠራል።

ስፖርተኞች ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወስዱት ስቴሮይድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ዓይነት መሆኑንም አንባቢ ልብ ይበል።

ለካንሰር ታካሚ ለምን ይሰጣል?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ታካሚው የሚወስድበትን ምክንያት ማወቁ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ ይረዳዋል።

• ካንሰሩን ራሱን ለመግደል። በሊምፎማ፣ ሊምፎብላስቲክ በተባለው የደም ካንሰርና መቅኒን በሚያጠቃው ማይሎማ ላይ ስቴሮይድ የካንሰር ሕዋሳትን ያጠፋል። እዚህ ላይ ዋና መድኃኒት ነው፤ ማጀቢያ አይደለም።

• ማቅለሽለሽንና ማስመለስን ለመከላከል። ሲስፕላቲንን የመሳሰሉ ከባድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ሲሰጡ ዴክሳሜታዞን ከኦንዳንሴትሮንና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይሰጣል።

• አለርጂን ለመከላከል። ለጡት ካንሰርና ለሌሎችም የሚሰጡት ፓክሊታክሴልና ዶሴታክሴል ያለ ስቴሮይድ ቢሰጡ ድንገተኛ የሰውነት ቁጣ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ዶሴታክሴል የሚወስድ ሰው በተለምዶ ከዋዜማው ጀምሮ ለሦስት ቀናት በቀን ሁለት ጊዜ 8 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ይወስዳል።

• እብጠትን ለመቀነስ። ካንሰር ወደ አንጎል ሲዛመት ወይም የአከርካሪ ነርቭን ሲጫን ስቴሮይድ የሰውን ራስ መቆጣጠርና መራመድ ሊያተርፍ ይችላል።

• ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣው፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው ኢሚዩኖቴራፒ በሳንባ፣ በአንጀት ወይም በጉበት ላይ ቁጣ ሲያስነሳ ለማብረድ። ይህ ሲሆን ስቴሮይዱ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል።

• የምግብ ፍላጎትን ለመጨመርና ድካምን ለማስታገስ፣ በተለይ ሕመሙ በገፋባቸው ሰዎች ላይ።

ስኳሩን እንዴት ከፍ ያደርገዋል?

ስቴሮይድ የደም ስኳርን የሚያንረው በሦስት በር ገብቶ ነው። አንደኛ፣ ጉበት ከፕሮቲንና ከስብ ስኳር እየሠራ ወደ ደም እንዲለቅ ያዘዋል። ሁለተኛ፣ ጡንቻና ስብ ለኢንሱሊን «ጆሮ ዳባ ልበስ» እንዲሉ ያደርጋል፤ በመሆኑም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሳት መግባት ያቅተዋል። ሦስተኛ፣ ኢንሱሊን የሚያመርተውን ቆሽት ያዳክማል። ጤነኛ ቆሽት ያለው ሰው ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ ጫናውን ሊቋቋም ይችላል። ቆሽቱ ቀድሞ የደከመ ግን ይሸነፋል።

የስኳሩ መጠን በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ስኳሩን ወደ ሽንት ማፍሰስ ይጀምራል። ስኳር ውኃን ይዞ ይወጣል። ጥማቱ፣ የሽንት ብዛቱና ድካሙ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የበለጠ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው እነማን ናቸው? ቀድሞ ስኳር ያለባቸው፣ ስኳራቸው «ድንበር ላይ ነው» የተባሉ፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ስኳር ያለባቸው፣ ውፍረት ያላቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባቸው እናቶች፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት ስቴሮይድ ወስደው ስኳራቸው የወጣ። ለደም ካንሰር የሚሰጠው አስፓራጂኔዝ የተባለው መድኃኒትም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ከስቴሮይድ ጋር ሲደመር ጫናው ይበረታል። ሆኖም ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ሰውም ሊያጋጥመው ይችላል።

የጠዋቱ ውጤት ለምን ያታልላል?

በአገራችን «ስኳር ልታይ» ያለ ሰው የሚነገረው የተለመደ ነው፤ «ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ና»። ለተለመደው የስኳር በሽታ ይህ ተገቢ ነው። ጠዋት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ግን የራሱ የሰዓት ሥርዓት አለው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን የስኳሩን መጠን ወደ ላይ መግፋት የሚጀምረው ረፋዱ ላይ ነው። ምሳ ሲበላ ስኳሩ ይተኮሳል። ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ሌሊት ሰውነት ምንም ሳይበላ ሲያድር መድኃኒቱም እየደከመ ስለሚሄድ ስኳሩ ይወርዳል። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚለካው እንግዲህ ወንዙ ከጎደለ በኋላ ነው።

ዴክሳሜታዞን ለየት ይላል። በሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ስለሚሠራ፣ በተለይ በቀን ሁለት ጊዜ ሲወሰድ የጠዋቱ ስኳርም ሊያሻቅብ ይችላል። ከመጨረሻው ፍሬ በኋላም ስኳሩ ለአንድ ሁለት ቀን ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል።

«የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ ምርመራም ብቻውን አያስተማምንም። የአምስት ቀን የስኳር ንረትን አያሳይም። በዚያ ላይ የካንሰር ታካሚ ደም ማነስ ካለበት ወይም ደም ከተሰጠው ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። የዚህ ምርመራ ጥቅም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተደበቀ ስኳር መኖር አለመኖሩን ማሳየቱ ነው።

ታዲያ መቼ ይለካ?

የብሪታኒያ የስኳርና የካንሰር ባለሙያዎች በጋራ ያዘጋጁትን ጨምሮ መመሪያዎች በጥቅሉ የሚስማሙበት ነገር አለ። ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት መነሻውን መለካት፤ ከተጀመረ በኋላ ቀድሞ ስኳር ያልነበረበት ሰው ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ መለካት። ሰዓቱም ከምሳ ወይም ከራት በፊት፣ አለዚያም ከምሳ ወይም ከራት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

የመለኪያው ወረቀት (ስትሪፕ) ዋጋ ለብዙዎች ቀላል አይደለም። በቀን አንድ ስትሪፕ ብቻ ያለው ሰው ጠዋት ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ከሆነ ጠዋት ላይ አያባክናት። ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ከራት በፊት ይጠቀምባት። ከመለካቱ በፊት እጁን በውኃና በሳሙና ታጥቦ ያድርቅ፤ ማንጎ የነካ ጣት የውሸት ከፍተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላልና።

ቁጥሩ ከ216 በላይ ከሆነ (መለኪያው በሚሊ ሞል ከሆነ ከ12 በላይ) በቀን አራት ጊዜ ወደ መለካት መሸጋገርና ለሚከታተለው ሐኪም መንገር ይገባል። በሕክምና ላይ ላለ ሰው በአብዛኛው የሚፈለገው ስኳሩ ከ108 እስከ 180 ባለው መካከል እንዲቆይ ነው። ሕመማቸው ለገፋና እንክብካቤው ምቾትን ለማስጠበቅ ብቻ ለሆነ ሰዎች ግን ሐኪሞች ላላ ያለ ግብ ያስቀምጣሉ። ለእነሱ ጣትን ደጋግሞ መውጋት ጥቅሙ ያነሰ ነው።

«ለጥቂት ቀን ቢወጣ ምን ይጎዳል?»

ብዙዎች የሚያነሱት ተገቢ ጥያቄ ነው። ለጥቂት ቀናት መጠነኛ ከፍታ ብዙ ጊዜ ሳይጎዳ ያልፋል። አደጋው ያለው ሳይታወቅ ሲንር ነው።

የመጀመሪያው አደጋ የሰውነት መድረቅ ነው። ታካሚው ያስመልሰዋል፣ መጠጣት አይችልም፣ በሽንት ግን ውኃ እያጣ ነው። በዚህ ሁኔታ ስኳሩ ከ500 በላይ ሊወጣና ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል። ይህ ነፍስ የሚያጠፋ ድንገተኛ ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል። ስቴሮይድ የቀሩትን ያዳክማል። ከፍተኛ ስኳር ደግሞ በላዩ ላይ ይጨመራል። በ2004 (እ.ኤ.አ) ከአሜሪካ ሂውስተን የወጣ አንድ ጥናት በሊምፎብላስቲክ የደም ካንሰር የታመሙ 278 አዋቂዎችን ተመልክቷል። በመጀመሪያው ወር ሕክምና 37 በመቶው ስኳራቸው ከፍ ብሎ ነበር። ከእነሱ መካከል በደም መመረዝ የታመሙት 16.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ስኳራቸው ካልወጣው መካከል ግን 8 በመቶ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜም አጭር ነበር። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ ስኳሩ ብቻውን ለዚህ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ችላ እንዳንለው ግን ያስጠነቅቃል።

ሦስተኛው የሕክምናው መስተጓጎል ነው። ስኳሩ በጣም ከወጣ ቀጣዩ ዙር ኬሞቴራፒ ሊዘገይ ወይም መጠኑ ሊቀነስ ይችላል። ወረፋ ጠብቆና ከክፍለ ሀገር መጥቶ ለሚታከም ሰው የአንድ ዙር መዘግየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕክምናው

ስቴሮይዱን ማቆም መጀመሪያ የሚታሰብ መፍትሔ አይደለም። ለሊምፎማ የሚሰጥ ከሆነ ማቆም ማለት የካንሰሩን መድኃኒት ማቆም ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ የቆየን ስቴሮይድ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። አድሬናል ዕጢዎች ሥራቸውን ረስተው ስለቆዩ የደም ግፊት ሊወርድና ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። ለማስመለስ መከላከያ የሚሰጠውን መጠን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ግን ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከፍታው ጉልህ ሲሆን በጣም የሚታመነው መድኃኒት ኢንሱሊን ነው። ደመናማ መልክ ያለው ኤን ፒ ኤች ኢንሱሊን ጠዋት ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲወጋ ሁለቱ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። መጠኑ በታካሚው ክብደትና በስቴሮይዱ መጠን ስለሚወሰን ከጎረቤት ተጠይቆ የሚወሰድ አይደለም። «ኢንሱሊን ከተጀመረ አይተውም» የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም። ስቴሮይዱ ሲያበቃ ኢንሱሊኑም በአብዛኛው ያበቃል።

ከሚዋጡት መድኃኒቶች መካከል ሜትፎርሚን ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ስለሆነ ለአምስት ቀን ስቴሮይድ ብዙም አይደርስም። ኩላሊቱ በሲስፕላቲን ለተጎዳ ወይም ለሲቲ ስካን ቀለም ለሚወጋ ሰው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ለረዥም ሰዓት ስለሚሠራ ታካሚው ሳይበላ ካደረ ሌሊት ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል።

ሌላው ብዙ የማይወራለት አደጋ ስኳር መውረድ ነው። ስቴሮይዱ ሲቀነስ ወይም ሲያበቃ የስኳር መድኃኒቱ በነበረበት ከቀጠለ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መጨመርና መቃዠት ምልክቶቹ ናቸው። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ምግብና ጾም

«ስኳር ካንሰርን ይመግባል» ብለው ምግብ የሚያቆሙ ታካሚዎች አሉ። ይህ ስህተት ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ክብደቱን መጠበቅ አለበት፤ ረሃብ ካንሰሩን አያጠፋውም፣ ታካሚውን ግን ያደክመዋል። የሚያስፈልገው መራብ ሳይሆን መምረጥ ነው።

ለስላሳ፣ የታሸገ ጁስ፣ ማርና ስኳር የገባበት ሻይ ስቴሮይድ በሚወሰድባቸው ቀናት ይቀሩ። አጥሚቱ ይጠጣ፤ ስኳሩ ግን ይቅርለት። ፍራፍሬው ተጨምቆ ሳይሆን ሳይጨመቅ ይበላ። እንጀራው መጠኑ ተቀንሶ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከጎመን፣ ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ ይቅረብ። አቅም ካለ ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ በግቢ ውስጥ መንሸራሸር ይረዳል። ማስመለሱ ከበረታና ሌላ ምንም የማይወርድለት ከሆነ ግን የሚችለውን ይውሰድ፤ ስኳሩን ሐኪሙ በመድኃኒት ያስተካክላል።

ሽፈራውና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች «ለስኳር ፍቱን» እየተባሉ ይሸጣሉ። ከኬሞቴራፒ ጋር ሊጋጩ ስለሚችሉ ለሐኪሙ ሳይነግሩ መውሰድ አይገባም።

የጾም ነገር በግልጽ መነሳት አለበት። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላማይድ ውጦ እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ማፍጠሪያ መቆየት አደገኛ ነው። ኦርቶዶክስም ሆነ እስልምና ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። ምእመኑ ከነፍስ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ፣ እንዲሁም ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። በድብቅ ጾሞ ለሐኪም አለመናገር ግን የመድኃኒቱን ስሌት ያበላሻል።

ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ስኳሩ ደጋግሞ ከ300 በላይ ሲሆን፣ ወይም መሣሪያው ከመለካት አቅሙ በላይ መሆኑን ሲያሳይ
• ከፍተኛ ስኳር ከማስመለስ ወይም ከሆድ ሕመም ጋር ሲመጣ
• መፍዘዝ፣ መዘባረቅ ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ
• ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈስ
• ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ። ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ሰው ይህ ብቻውን ለድንገተኛ ክፍል በቂ ምክንያት ነው። ስቴሮይድ ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል ያለ ትኩሳት የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለትም አይናቅ

ከሕክምናው በኋላስ?

ለአብዛኛው ሰው ስቴሮይዱ ሲያበቃ ስኳሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። የማይመለስላቸውም አሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ስኳሩ ውስጥ ለውስጥ የነበረባቸው ናቸው፤ ስቴሮይዱ ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ስለዚህ ስቴሮይዱ ካበቃ ከስድስት ሳምንት በኋላ በባዶ ሆድ፣ ወይም ከሦስት ወር በኋላ በኤች ቢ ኤ ዋን ሲ መመርመር፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት ይመከራል።

ታካሚዎች ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሐኪማቸውን አራት ጥያቄ ቢጠይቁ ብዙ ችግር ይቀራል። ከሚሰጡኝ መድኃኒቶች ውስጥ ስቴሮይድ አለበት ወይ? ስንት ሚሊ ግራም፣ ለስንት ቀን? ስኳሬን በየትኛው ሰዓት ልለካ? ከስንት ሲበልጥ፣ ለማን ልደውል? መልሱን በወረቀት ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ለአስታማሚም ይጠቅማል።

ወደ መጀመሪያው አባት እንመለስ። ካንሰራቸውን ለማከም የወሰዱት መድኃኒት ትክክል ነበር። ክሊኒኩ የለካው ቁጥርም ትክክል ነበር። ያልተስተካከለው ሰዓቱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዙር ከምሳ በኋላ ቢለኩ፣ ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ቢወጉና ከአጥሚታቸው ስኳሩ ቢቀር ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ሊጨርሱ ይችላሉ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪም ምክርን የሚተካ አይደለም።